ልጅ ለያዘ ሰው የሚመች ሰፈር እንዴት ይሠራል?

ለሕፃናት የሚመች ሰፈር ሲባል አብዛኞቻችን ቶሎ የሚታየን ዥዋዥዌና ሸርተቴ ነው። እሱም ጥሩ ነገር ነው። ጉዳዩ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ይጀምራል። ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ብቻውን የትም አይሄድም። እናቱ፣ አባቱ፣ አያቱ፣ ሞግዚቱ ወይም ታላቅ እህቱ ይዘውት ካልወጡ መጫወቻው ኖረም አልኖረም ለእሱ አንድ ነው። ስለዚህ ለትንሽ ልጅ ሰፈር የሚሠራ ሰው የሚሠራው ለሁለት ነው፦ ለልጁና ልጁን ለያዘው። እኔ እንደማስበው ከሁለቱ ቀድሞ መታሰብ ያለበት የያዘው ሰው ነው። በእኛ አገር ሸክሙ በአብዛኛው የሴት ስለሆነ ከዚህ በኋላ «እሷ» እላለሁ። የእሷ ጉልበትና ጊዜ ካለቀ የልጁም ቀን አብሮ ያልቃል።

ምክንያቱን ላስረዳ። የሰው አንጎል በጣም ፈጥኖ የሚያድገው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። በዚያ ዕድሜ በየሰከንዱ ከ1 ሚሊዮን በላይ አዳዲስ የነርቭ ግንኙነቶች ይፈጠራሉ። ልጁ ሦስት ዓመት ሲሞላው የአንጎሉ መጠን ከአዋቂ አንጎል 80 በመቶ ገደማ ይደርሳል። እነዚህ ግንኙነቶች የሚጠነክሩት በውድ መጫወቻ አይደለም። በምላሽ ነው። ልጁ በጣቱ ወደ ውሻው ይጠቁማል። እናቱ «አዎ፣ ቡቺ ነው! አየኸው?» ትለዋለች። እሱ ይስቃል፣ እሷም ትስቃለች። እንዲህ ያለው መቀባበል በቀን ስንትና ስንት ጊዜ ሲደጋገም ነው ቋንቋውም፣ ማሰቡም፣ በሰው መተማመኑም የሚገነባው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2018 ከአጋሮቻቸው ጋር ያወጡት የሕፃናት እንክብካቤ ማዕቀፍ አምስት ነገሮችን ይዟል፦ ጤና፣ ምግብ፣ ደህንነት፣ የመማር ዕድልና ይኸው ለልጁ ምላሽ መስጠት።

አሁን ያቺኑ እናት መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ እናስባት። ልጁ ጀርባዋ ላይ ነው፣ ፌስታሉ እጇ ላይ፣ ሰልፉ ደግሞ አይንቀሳቀስም። ልጁ ይጠቁማል፣ እሷ አላየችውም። ፀጉሯን ይጎትታል፣ «እረፍ!» ትለዋለች። ክፉ እናት ሆና አይደለም፤ ጉልበቷ አልቆ ነው። የታክሲ ሰልፍና የልጅ አንጎል የሚገናኙት እዚህ ጋ ነው። ጎዳና መሥራት የጤናና የትምህርት ሥራ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

የአዲስ አበባ ዳር ላይ ነገሩ ይጠናል። የካ አባዶን፣ ቦሌ አራብሳን፣ ቱሉ ዲምቱን ውሰዱ። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ መሬት እየጠበበው ሲሄድ ወደ ጠርዝ ወጣ። ቤት ያልነበረው ሰው ቤት አግኝቷል፣ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ግን አራት ኪሎ ወይም ካዛንቺስ ያደገች ሴት፣ ልጇን ለአምስት ደቂቃ «እዩልኝ» ብላ ሱቅ የምትሄደው ጎረቤት ስለነበራት ነው። ዳር ስትወጣ ጎረቤቱ አዲስ ነው። አያትየዋ ሁለት ታክሲ ርቀት ላይ ናት። ባሏም እሷም ጠዋት በጨለማ ወጥተው ማታ በጨለማ ይገባሉ። የቀረው ሞግዚት ነው፤ አንዳንዴ ራሷ ገና ልጅ የሆነች፣ ከገጠር የመጣች፣ ሰፈሩን የማታውቅና መውጣት የምትፈራ ሞግዚት። በዚህ የተነሳ ብዙ ሕፃን ቀኑን አራተኛ ፎቅ ላይ ቴሌቪዥን ፊት ያሳልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያ ደግሞ ከ1 እስከ 4 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ አለበት ይላል። ሁለት ዓመት ላልሞላው ስክሪን ጭራሽ አይመከርም።

ታዲያ ልጁ ከቤት እንዳይወጣ የያዘው ምንድን ነው?

«ኧርባን95» የሚባል ፕሮግራም አለ። የኔዘርላንድሱ ቫን ሊር ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2016 የጀመረው ነው። የሚጠይቀው ነገር ቀላል ነው፦ ከተማውን ከ95 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ብታዩት ምን ትቀይሩ ነበር? 95 ሴንቲ ሜትር የአንድ ጤነኛ የሦስት ዓመት ልጅ አማካይ ቁመት ነው። አዲስ አበባም ከአጋር ከተሞቹ አንዷ ናት። ከተማዋ በጀመረችው የቀዳማይ ልጅነት ፕሮግራም ወላጅን በየቤቱ እየሄዱ የማማከር፣ የሕፃናት ማቆያና የውጭ መጫወቻ የመሥራት ሥራ እየተሠራ ነው።

እስቲ በዚህ ቁመት ከኮንዶሚኒየም እንውረድ። የደረጃው አንድ እርከን 17 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ለእኛ ምንም አይደለም። የልጁን ቁመት ግን 18 በመቶ ይሆናል። ቁመቷ 1.65 ሜትር የሆነ ሴት ያንኑ ያህል እንዲከብዳት ቢፈለግ እርከኑ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ መሆን ነበረበት። ጂ+4 ሕንጻ ላይ ሊፍት የለም። አንዱ ፎቅ 3 ሜትር ነው ካልን ከላይኛው ፎቅ እስከ መሬት 70 እርከን ይሆናል። ልጅ ታቅፎ፣ ዕቃ ተይዞ 70 እርከን! እዚህ ላይ ሕንጻውን ማፍረስ አያስፈልግም። ከትልቁ መደገፊያ በታች፣ ልጅ እጁ የሚደርስበት ከፍታ ላይ ሁለተኛ ብረት ይበየዳል። በብረቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ ከ10 ሴንቲ ሜትር በታች ይደረጋል፣ የልጅ ጭንቅላት እንዳያልፍ። የሰፈር በያጅ የሚሠራው ሥራ ነው።

ከደረጃው ወርደን መንገድ ስንደርስ ዋናው አደጋ መኪና ነው። የዳር ሰፈር ገና እየተገነባ ስለሆነ አሸዋና ድንጋይ የጫነ ሲኖ ትራክ ቀኑን ሙሉ ይመላለሳል። ከሲኖ አፍንጫ ስር የቆመ ትንሽ ልጅ ለሹፌሩ አይታየውም። ልጁም ከቆሙት መኪኖች ጀርባ ሆኖ የሚመጣውን አያይም። ሹፌሩ ልጁን አይቶ እግሩ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ይፈጃል እንበል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የቤት መኪና በደረቅ አስፋልት ላይ ለመቆም 28 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። በ30 ኪሎ ሜትር ከሆነ 13 ሜትር ይበቃዋል። ልጁ 20 ሜትር ላይ ብቅ ካለ በ30 የሚመጣው መኪና ቆሟል፤ በ50 የሚመጣው ግን ገና እየሮጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ስቶክሆልም ላይ የተሰበሰቡ የዓለም አገራት እግረኛና ተሽከርካሪ በሚቀላቀሉበት ቦታ የፍጥነት ጣሪያው 30 እንዲሆን በመግለጫቸው ያስቀመጡት ለዚህ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች መሆናቸውን ስናስብ ነገሩ የእኛም ነው።

ታፔላ ተክሎ «30» ብሎ መጻፍ ግን ብቻውን አይሠራም። ሹፌር የሚታዘዘው መንገዱን ነው። መንገዱ ሰፊና ቀጥ ያለ ከሆነ ይነዳል። ጠበብ ካለ፣ ጉብታ ካለው፣ ማቋረጫው ከፍ ብሎ ከእግረኛው መንገድ ጋር እኩል ከሆነ ሳይወድ በግዱ ይቀዘቅዛል። በብሎኮች መካከል የተነጠፈው ኮብልስቶን እኮ በዚህ ረገድ ባለውለታችን ነው። መኪናን ያዘገያል፣ አነጣጠፉንም የሚችሉ ወጣቶች በየወረዳው አሉ።

ጭሱንም አንርሳ። የመኪና ጭስ የሚወጣው ከታች ነው፣ ትንሽ ልጅ ደግሞ ከአዋቂ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ልጅን በአንቀልባ ማዘል ከዚህ አንጻር መልካም ነው። ልጁ ከጭሱ ከፍ ይላል፣ የሰውም ፊት ያያል። ለዚህ ለዚህ ጋሪ አላስፈለገንም። እግረኛ መንገዱ ግን አዛይዋን ማሰብ አለበት። ልጅ ያዘለችና ሌላ ልጅ በእጇ የያዘች ሴት ከሌላ መንገደኛ ጋር ስትተላለፍ 2 ሜትር ያህል ያስፈልጋታል። ያ ስፋት በአሸዋ ቁልልና በቆመ ባጃጅ ከተያዘ ወደ አስፋልቱ ትወርዳለች። ሌላ ምርጫ የላትም።

ክረምት ሲገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ክዳኑ የተነሳ ቱቦ በጎርፍ ሲሸፈን ከመንገዱ አይለይም። ለቤት መሠረት ተቆፍሮ የቀረ ጉድጓድ ውሃ ያቁራል። ትንሽ ልጅ ለመስጠም ጥልቅ ውሃ አያስፈልገውም፤ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ጭንቅላቱ ስለሚከብደው ወደ ፊት ከወደቀ ራሱን ማንሳት ያቅተዋል፣ ድምፅም አያሰማም። ለሕፃናት ተብሎ ገንዘብ ከተገኘ እኔ ከሸርተቴው በፊት ለቱቦ ክዳንና ለጉድጓድ አጥር እንዲውል እሟገታለሁ። በሰፈሩ ለማንም የማይታይ ሥራ ነው፣ ግን እናት ልጇን እጁን ለቅቃ እንድታስኬደው የሚያደርጋት እሱ ነው።

ርቀትም ሌላ ነገር ነው። ፕላን ላይ «ጤና ጣቢያው 800 ሜትር ነው» ሲባል ቅርብ ይመስላል። አዋቂ በ10 ደቂቃ ይደርሳል። የሦስት ዓመት ልጅ ግን የዚያን ግማሽ እንኳ በዚያ ጊዜ አይጨርስም። በመሃል ድንጋይ ያነሳል፣ ጉንዳን ያያል፣ «እዘዪኝ» ይላል። ልጁ ሲወለድ ከሚሰጠው ክትባት በኋላ 6ኛ፣ 10ኛና 14ኛ ሳምንቱ አለ፤ ከዚያ 9ኛ ወሩና 15ኛ ወሩ። በዚህ ላይ ክብደት መለካቱ፣ ማታ ማታ ትኩሳቱ፣ የታላቅየው ኬጂ። አንድ ቀን የሚኬድ መንገድ አይደለም። ጤና ጣቢያው፣ ኬጂው፣ ጉሊቱና ፌርማታው በየአቅጣጫው ከተበተኑ እናት ቀኑን ሙሉ ስትዞር ትውላለች። አንድ መንገድ ላይ ተጠጋግተው ቢቀመጡ ግን በአንድ መውጣት አራት ጉዳይ ጨርሳ ትመለሳለች። አዲስ ሳይት ሲታቀድ ይህ ተጨማሪ ብር አይጠይቅም። ወረቀት ላይ ቦታውን ማቀራረብ ነው።

አሁን ወደ ግቢው እንምጣ። የኮንዶሚኒየም ብሎኮች ብዙ ቦታ ክፍት ግቢ ከብበው ነው የቆሙት። ይህ ለልጅ በጣም ጥሩ አቀማመጥ ነው። ከሁለተኛ ወይም ከአራተኛ ፎቅ መስኮት እናት ልጇን ትለየዋለች፣ ትጠራዋለች፣ እሱም ይሰማል። ከአሥረኛ ፎቅ በላይ ይህ አይሆንም። አሁን ወደ ላይ እየረዘምን ስንሄድ የምናጣው አንዱ ነገር ይህ ነው።

እኔ የምኖርበት ሳይት ግቢው ለመኪና ማቆሚያ ሆኗል። ከብሎኮቹ ጀርባ ግን ሰፋ ያለ ሜዳ አለ። አንዲት እናት አሉ፣ ከሰዓት ከሰዓት ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው ደረጃው አፍ ላይ ይቀመጣሉ። ልጆቹ በቆሙት መኪኖች መካከል ቆርኪና የውሃ ፕላስቲክ ይዘው ዕቃ ዕቃ ይጫወታሉ።

«እማማ፣ ለምን ሜዳው ላይ አይወስዷቸውም?» አልኳቸው።

«የት ልቀመጥ ልጄ? ይሄ ጉልበት እኮ ሰዓት ሙሉ አያቆመኝም። ፀሐዩስ?» አሉኝና የኮዳውን ክዳን ለትንሿ ከፈቱላት። «እዚህ ደረጃው አለኝ። ጥላ አለኝ። ሽንት ቢመጣባቸውም ቤቱ ከላያችን ነው።»

የሕፃናት መጫወቻ ዲዛይን የሚባለው ነገር በዚህ መልስ ውስጥ አለ። መደገፊያ ያለው መቀመጫ። ጥላ። መጸዳጃ። የሚጠጣ ውሃ። ከመቀመጫው ሆኖ ልጆቹን በአንድ ዓይን ማየት መቻል። እነዚህ ካሉ እማማ ሜዳው ላይ ይውላሉ። እሳቸው ካሉ ሌላዋ እናትም ልጇን ይዛ ትመጣለች፣ ወሬ ይጀመራል፣ ስልክ መለዋወጥ ይመጣል፣ «ለአምስት ደቂቃ እዪልኝ» ማለትም ይመለሳል። ዳር ላይ የጠፋው ጉርብትና የሚሠራው እንዲህ ቁጭ ተብሎ ነው። ባዶ ሜዳ ላይ ሸርተቴ ብቻ ከተተከለ ግን የሚጠቀሙበት ትልልቆቹ ልጆች ናቸው፣ ብቻቸውን መምጣት ስለሚችሉ።

ለልጆቹስ? ሦስት ዓመት ላልሞላው ልጅ ብዙ አያስፈልገውም። አሸዋ፣ ትንሽ ጉብታ፣ የሚወጣበት ግንድ፣ የሚገላበጥ ነገር። አምስተርዳም ውስጥ አርክቴክቱ አልዶ ቫን ኤይክ እ.ኤ.አ. ከ1947 እስከ 1978 ባለው ጊዜ ከ700 በላይ መጫወቻዎች ነድፏል። ብዙዎቹ የተሠሩት በቤቶች መካከል በተረፉ ቁራጭ ቦታዎች ላይ ነው። የአሸዋ ገንዳ፣ የታጠፈ የብረት ቱቦ፣ የሚዘለልባቸው ክብ የሲሚንቶ ድንጋዮች፣ ዛፍና አግዳሚ ወንበር፤ በቃ። እንዲያ ያለ ቁራጭ ቦታ የእኛ ሳይቶች ሞልቷቸዋል። አሸዋው ግን ማታ ማታ ካልተሸፈነ የውሻና የድመት መጸዳጃ ስለሚሆን ክዳን ይደረግለት።

አሁን ብዙ ሰው ልብ ወደማይለው ሕንጻ ልውሰዳችሁ፦ ኮሚናሉ። ሳይቶቹ ሲሠሩ ነዋሪው እንጀራ እንዲጋግርበት፣ ልብስ እንዲያጥብበት፣ በግ እንዲያርድበት ተብሎ የጋራ መገልገያ ሕንጻ ተሠርቶ ነበር። ብዙ ቦታ ግን ለሌላ አገልግሎት ውሏል ወይም ተዘግቷል። የኮሎምቢያዋ ቦጎታ እ.ኤ.አ. በ2020 የጀመረችውን ነገር ስሰማ ትዝ ያለኝ ይህ ሕንጻ ነው። እዚያ «የእንክብካቤ ብሎክ» ይሉታል። አንዲት እናት ልጇን ይዛ ትመጣለች። ልጁን ባለሙያ ይይዝላታል። እሷ በነጻ ልብሷን ታጥባለች፣ ያቋረጠችውን ትምህርት ትቀጥላለች፣ የሕግ ምክር ታገኛለች ወይም ዝም ብላ ታርፋለች። ሁሉም በእግር በሚደረስበት ርቀት ነው። ሐሳቡ ልጅ ለያዘ ሰው አገልግሎት ከመስጠት አልፎ ጊዜ መስጠት ነው። እኛ ጋ ሕንጻው ቆሟል፣ ግድግዳው አለ፣ ውሃ መስመሩም ተዘርግቶለታል። አንዱን ክፍል የሕፃናት ማቆያ፣ አንዱን የእንጀራ መጋገሪያና የልብስ ማጠቢያ አድርጎ መክፈት አዲስ ሕንጻ ከመገንባት ይቀላል።

ማቆያ የምለው እንዲሁ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ (ቁጥር 1156/2011) ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ዕረፍት ይሰጣል። ሕፃኑ ግን እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ እንዲጠባ ነው የሚመከረው። በመሃል ሦስት ወር አለ። መሥሪያ ቤቷ ካዛንቺስ፣ ቤቷ ቦሌ አራብሳ የሆነች ሴት በምሳ ሰዓት መጥታ አታጠባም። ስለዚህ ማቆያ ሁለት ቦታ ያስፈልጋል። ለትንሹ ከሥራ ቦታዋ አጠገብ፣ ለዳዴ ባዩና ለሯጩ ከቤት አጠገብ። መሥሪያ ቤቶች የጀመሩት አለ። ሰፈሩ ውስጥ ያለው ግን ከሚፈለገው ጋር አይገናኝም፣ የግሉም ዋጋው አይቀመስም።

በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ሰፋፊ የእግረኛ መንገድ፣ መቀመጫና የልጆች መጫወቻ ይዞ መጥቷል። ደስ ይላል። እስካሁን ግን በብዛት የሚታየው በዋና ዋና ጎዳናዎች ላይ ነው። ልጅ የሚያድገው ቤቱ ደጃፍ ላይ ስለሆነ ያው እጅ ወደ ብሎኮቹ መካከል መግባት አለበት። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» የተባለው ከመኪና ነጻ ቀን፣ መኪና ለጥቂት ሰዓት ቢቆም ልጅ አስፋልቱን ምን እንደሚያደርገው አሳይቶናል። ያን በየሳምንቱ እሑድ በአንድ የሳይት ውስጥ መንገድ ላይ ማድረግ ገመድና የወረዳ ፈቃድ ነው የሚጠይቀው። መኪና ያለው ነዋሪ ቅር ሊለው ይችላል። መኪናውን ጫፍ ላይ አቁሞ መቶ ሜትር በእግሩ ቢሄድ ግን የእሱም ልጅ ይጫወታል።

ከየት ይጀመር ለሚል ሰው፣ የጋራ መኖሪያ ሕንጻ አዋጁ (ቁጥር 370/1995) ግቢውንና የጋራ ንብረቱን የማስተዳደር ሥልጣን ለቤት ባለቤቶች ማህበር ሰጥቷል። ኮሚቴያችሁ መቀመጫ ማሠራት፣ የደረጃ ብረት ማስበየድና መኪና የሚቆምበትን መወሰን ይችላል። ቱቦ፣ ጉብታና ማቋረጫ የመንግሥት ሥራ ነው፣ በወረዳ በኩል ይጠየቃል። ጥያቄውን ለማዘጋጀት ኢንጂነር አትፈልጉም። የሦስት ዓመት ልጅ የያዙ አራት አምስት ሰዎች ከብሎካቸው እስከ ጤና ጣቢያው በእግራቸው ይሂዱ። ልጁን ብድግ አድርገው ያቀፉበትን ቦታ ሁሉ በስልካቸው ፎቶ ያንሱ፣ ለምን እንዳቀፉትም ይጻፉ፦ መኪና፣ ጉድጓድ፣ ጭቃ፣ ውሻ፣ ድካም። አንድ ቦታ ላይ ሁሉም ካቀፉ መጀመሪያ የሚሠራው እሱ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ፎቶዎቹ ዕቅድ ሲወጣ እንዲደርሱ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ወረዳ ቢገቡ ይመረጣል፤ ክዳን የሌላቸው ቱቦዎች ግን ዝናቡ ሳይመጣ ዛሬውኑ ይመልከቱ።